ሰው እስኪኖራት

ጭሮ ላይ፣ ከመነኻሪያው በላይ ባለው ሰፈር፣ ሲስተር የሺሐረግ በማለዳ ደጃፍህ ላይ ቆማ ካየሃት የምትጠራው የእሷን ስም ሳይሆን የዘመዶችህን ነው። እናቴ ናት? ወንድሜ ነው? ትላለህ። ሴትዮዋ ክፉ ሆና አይደለም፤ ክፋት ጭራሽ አልፈጠረባትም። ሥራዋ ነው፣ ያውም ደመወዝ የሌለው። የሰፈሩ እድር መርዶ ሲመጣበት የሚልከው እሷን ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም «ሲስተር ትንገረው» ይላል። አንድ ጊዜ ስኳር አልቆባት ጎህ ሲቀድ የእነ አብዶን በር ብታንኳኳ፣ ሚስቱ ሀሊማ ከፍታ ፊቷን ገና ስታይ እሪታዋን ለቀቀችው። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ስኳር ፈልጌ ነው ብትል ማን ይስማት! ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሞቅ ሳይል የሰው በር አታንኳኳም፤ ስኳር ካለቀ ሻይዋን መራራውን ትጠጣለች።

መርዶ አነጋገሯን ግን ያየ ይመሰክርላታል። አስቀድማ የምትፈልገው ሐዘንተኛውን ሳይሆን ሐዘንተኛውን የሚይዙትን ነው። ክንደ ጠንካራ ሴቶች ታዘጋጃለች፣ ቃሉ የሚሰማ ሽማግሌ ታስጠራለች፣ ውሃ በጆግ ታስቀምጣለች። ግፊት ያለበት ከሆነ ክኒኑን አስቀድማ ታስውጠዋለች። ሐዘንተኛው ሩቅ አገር ያለ እንደሆነ ደግሞ «ትንሽ አሟታል» ይባላል፤ ሰንበት ብሎ «ጠንቶባታል»፤ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ እስኪከበው ድረስ እውነቱ አይወጣም። በዚህ ነገር የማትደራደርበት አንድ ሕግ አላት። ሰው ብቻውን ሳለ መርዶ አይነገርም።

ሕጉን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ከደጀን ተመድባ ቦኬ በመጣች በመጀመሪያው ዓመት፣ ኦሮምኛውን ገና ሳትይዝ፣ ሰው ገና ሳትላመድ፣ የአንድ ገበሬ እግር ላይ ያለ ቁስል እያጠበች ነበር። ከበደሳ በመኪና የመጣ ሰው በመስኮት ብቅ አለና «ሲስተር፣ ካገርሽ ስልክ ተደውሎ ነበር፤ አባትሽ አርፈዋል» ብሏት መኪናው እንዳያመልጠው ሮጠ። የሺሐረግ ቁስሉን አጥባ ጨረሰች። አሸገችው። ወደተከራየቻት ክፍል ሄዳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የሚይዛት ሰው ስላልነበረ አልጮኸችም። የሚይዝህ ከሌለ ለማን ብለህ ትጮኻለህ? አባቷ በወጉ ሳይለቀስላቸው ቀሩ፤ እሳቸውም በወጉ አልሄዱላትም። ዛሬም ቁስል ስታጥብ ድንገት እጇን ገታ አድርጋ ወደ መስኮቱ ታያለች። ተማሪ ነርሶቹ ነፋስ የፈራች ይመስላቸዋል።

አግብታ ነበር፣ አልሆነላትም። ልጅም አልሰጣትም። የሰጣት ዳንቴል ነው። በሰፈሩ ውስጥ ያለ ቴሌቪዥን፣ ሶፋ፣ የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ ሁሉም የእሷን ዳንቴል ለብሷል፤ ያልለበሰ ቢኖር የእድሩ ድንኳን ብቻ ነው። ስልኳ ላይ ከያገሩ ዳንቴል የሚሠሩ ሴቶች የሚሰባሰቡበትን ገጽ ያገኘች ዕለት ኪሮሿን ጥላ እስኪመሽ ስታይ ዋለች። ከዚያ የራሷን አንድ የጠረጴዛ ልብስ ፎቶ አንስታ ለጠፈች። ኔርሚን የምትባል ቱርክ «እኛም ዳንቴል ነው የምንለው!» ብላ መለሰችላት። የሺሐረግ ዘመድ ያገኘች መሰላት።

ሦስተኛዋ ኤልቪራ ነበረች፤ ከቺሊ፣ ከዚያ ወዲያ አገር የለም ከሚባልበት ደቡብ ጫፍ። ባሏ ሞቷል፤ አንድ ልጇ በዓሣ ማጥመጃ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። ሦስቱ ተነጥለው የራሳቸውን ቡድን ከፈቱ፤ ኔርሚን «ሦስት ኪሮሽ» ብላ ሰየመችው። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። ስልኩ ይተረጉምላቸዋል፤ ሲያቅተው ፎቶ ይላላካሉ፤ እሱም ካቃተ ይሳሳቃሉ። የቱርክ ሰዓት ከእኛ እኩል ነውና ኔርሚንና የሺሐረግ ከሥራ የሚወጡት ባንድ ጊዜ ነው፤ ለኤልቪራ ያኔ ገና ረፋድ ነው።

«ዛሬ ምን በላችሁ?» ትላለች ኔርሚን።

«ሽሮ» ትላለች የሺሐረግ።

«ትናንትም ሽሮ ነበር!»

«ነገም ሽሮ ነው። አንቺስ?»

«ዓሣ። ትናንትም ዓሣ ነበር።»

ኤልቪራ የመስኮቷን ፎቶ ትልካለች፤ ነፋሱ ዛፉን አጎንብሶት። የሺሐረግ የጭሮን ተራራ ትልካለች፤ ደመናው ወገቡ ላይ ተቀምጦ። ይኸው ነው ወሬያቸው። ጉልበቴ አመመኝ፣ ክሩ ቀለሙን ለቀቀ፣ ዝናቡ ዘገየ። የኔርሚን ግን ሳቋ ልዩ ነበር። የድምፅ መልእክት ስትልክ ከቃሉ ሳቁ ይበዛል፤ የምትለውን ሳትሰማም አብረህ ትስቃለህ።

ይህን ሁሉ ከማንም አብልጣ የምታውቀው ሳሊሃ ናት፤ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ፣ ሂርና እየተመላለሰች ጫት የምትነግድ። ከሂርና እንደተመለሰች ዘንቢሏን እንኳ ሳታወርድ «ቱርኳ እንዴት ናት? የነፋሷ ሴትዮስ?» ትላለች። ኤልቪራ በቪድዮ ስትደውል ከኋላ ብቅ ብላ እጇን ታውለበልባለች። ልቧ ወርቅ ነው፤ አፏ ግን ቁልፍ የለውም። ከእሷ ጆሮ የገባ ነገር ከከተማው ጆሮ ገባ ማለት ነው።

በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የሺሐረግ በጤና ጣቢያው የመርፌ ክፍል ተረኛ ነበረች። በሽተኛው ቀለል ብሏል። ስልኳ ጮኸና ብታየው ኔርሚን ናት፤ በቡድኑ ሳይሆን ለብቻዋ የጻፈችው። ፈገግ ብላ ከፈተችው።

«እኔ ልጇ ኤሊፍ ነኝ» ይላል ጽሑፉ። «እናቴ ልቧ ድንገት ቆመ። ቀበርናት። ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ታወራ ነበር። ለኤልቪራ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የምጽፍበት አቅም የለኝም።»

የሺሐረግ ቀና ብላ መስኮቱን አየች። ማንም የለም። ደግማ አነበበችው። እንደገና ብቻዋን፣ እንደገና በሥራ ላይ። ቀድሞ የመጣባት ግን ራሷ አይደለችም፣ ኤልቪራ ናት። በዚያ ነፋስ ውስጥ፣ በዚያ ባዶ ቤት፣ ይህን በስልክ ስታነብ ታየቻት። አባቷ የሞቱባት የቦኬዋ ልጅ ሆና ታየቻት። «አይሆንም» አለች ለራሷ፤ ለኤሊፍም «እነግራታለሁ» ብላ መለሰች። መቼ እንደሆነ አልጻፈችም።

በዚያው ቀን የሺሐረግ ከሥራ ስትወጣ ኤልቪራ ቡድኑ ላይ ጽፋ አገኘች። «ኔርሚን ዛሬ ዓሣ አልበላችም እንዴ? ምነው ጠፋች?»

«ትንሽ አሟታል» ብላ ጻፈች የሺሐረግ። «ሰላም በያት ብላኛለች።»

ወጉ እንደሚያዘው ነው የጻፈችው፤ መጀመሪያው ደረጃ ይኸው ነው። ወዲያው ደግሞ ጎን ለጎን መንገድ መፈለግ ጀመረች። «ጎረቤቶችሽ እንዴት ናቸው?» አለቻት። ኤልቪራ የዱሮዎቹ ወይ ሞተዋል ወይ ወደ ከተማ ሄደዋል አለች። «ቤተ ክርስቲያን አብረውሽ የሚሄዱትስ?» ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ አልሄድም አለች። «ልጅሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ለፋሲካ ይመጣል አለች። የሺሐረግ ተነፈሰች። እንግዲህ ፋሲካ ነው። ልጅየው ሲመጣ አስቀድማ ለእሱ ትጽፍለታለች፤ ማለዳ ከእናቱ ጎን እንዲቀመጥ፣ ውሃ እንዲያቀርብ፣ እጇን እንዲይዛት። እስከዚያ ዓቢይ ጾም ያህል መንገድ አለ፤ ሟች እስከዚያ በሰላምታ ትቆያለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የመጀመሪያዋ ሰላምታ ሁለተኛዋን ጠራች። «ኔርሚን ተሻላት?» ትላለች ኤልቪራ። «መጻፍ እየደከማት እንጂ ደህና ናት፤ ጉልበትሽን ሙቅ ውሃ ያዥበት ብላሻለች።» ይህ ኔርሚን በእርግጥ ልትለው የምትችለው ነገር ነው። ነገሩን የከፋ ያደረገውም እሱ ነው፤ የሺሐረግ ከራሷ የምትፈጥር አልመሰላትም። ኪሮሿን ይዛ ስትቀመጥ ኔርሚን ምን እንደምትል ከየት እንደሆነ ሳታውቅ ይመጣላታል፤ ቃሉ ከነሳቁ። ሰው የሚያቀብላት ይመስል እሷ መጻፍ ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ቡድኑ ላይ እንዲህ ያለውን ሰላምታ ጽፋ ስልኩን ሳታስቀምጥ፣ ከጽሑፉ ሥር የኔርሚን ትንሿ ፎቶ ብቅ አለች። አንብባዋለች ማለት ነው። አጠገቧም አረንጓዴዋ ነጥብ በርታለች። የሺሐረግ ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውራ ተነሳች። ኤሊፍ የእናቷን ስልክ ከፍታ ፎቶ ስታይ እንደሆነ፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውንም እንደማታነብ ታውቃለች። የታያት ግን ሌላ ነው፤ የሞተች ሴት በስሟ የተላከውን ሰላምታ አንብባ ዝም ብላለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ለኤልቪራ የምትጽፈው ለብቻዋ ሆነ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው።

ሳሊሃንም ዋሸቻት። ምን ታድርግ? ብትነግራት ሰፈሩ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ኤልቪራ በቪድዮ ስትደውል ሳሊሃ ከኋላ ሆና «አላህ ያጽናሽ» ማለቷ አይቀርም። «ቱርኳ እንዴት ናት?» ሲባል «ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» ትላለች። «ወአለይኩም ሰላም በያት፣ አቦ!» ትላለች ሳሊሃ፣ እየሳቀች። ስለዚህ የሺሐረግ ለወዳጇ አላለቀሰችም። መርዶውን ይዛ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ተመላለሰች። ያልተለቀሰለት ሰው ደግሞ ከቤት አይወጣም። ሻይ ስታፈላ ከኋላዋ የሚስቅ ሰው ያለ ይመስላትና ትዞራለች፤ ከሥራ መውጫዋ ሰዓት ሲደርስ ዛሬስ ምን በላሽ የሚላት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ አለ። አንዳንዴ «ሽሮ» ብላ ትመልስለታለች። በራሷ ደንግጣ ሬድዮ ትከፍታለች።

በጾሙ አጋማሽ ላይ ኤልቪራ «አላምንሽም» ብላ ጻፈችላት። «በጣም ታማብኛለች መሰለኝ። ድምፅዋን ልስማ።»

ይኼኔ ነው መንገር የነበረባት። እኔ ብሆን እላለሁ፣ አንተም ትላለህ፤ ከዳር ሆኖ የሚናገር መቼ ጠፍቶ። የሺሐረግ ግን ባዶው ቤት ታያት። ኔርሚን በፊት ለብቻዋ የላከችላትን አንድ የድምፅ መልእክት ፈልጋ አወጣች፤ «ስለኔ አታስቢ፣ ሻይ እያፈላሁ ነው» የምትልበትንና የምትስቅበትን። ላከችው። ኤልቪራ አሥር ጊዜ ሳትሰማው አልቀረችም። «ተመስገን» ብላ መለሰች፤ «ሳቋ እንዳለ ነው።» የሺሐረግ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ፋሲካ ሊገባ ሲል ልጅየው የመርከብ ሥራው ተራዝሞበት እንደማይመጣ ኤልቪራ ነገረቻት። እንዲያው አዝና አይደለም፤ ለምዳዋለች። ከዚያ ደስ ብሏት ጨመረችበት። «ለኔርሚን የትከሻ ልብስ ሠርቼላት ጨረስኩ። ከራሴ አገር በግ ፀጉር ነው፣ ለታመመ ሰው ይሞቃል። ዛሬ በፖስታ ቤት ላክሁላት።»

አድራሻውን ኤልቪራ ድሮ ክር ሲላላኩ ጀምሮ ታውቀዋለች። የሺሐረግ ምን እንደሚመጣ ወዲያው ገባት። ዕቃው ይደርሳል፣ ኤሊፍ ትከፍተዋለች፣ ለኤልቪራ ትጽፍላታለች፣ ኤልቪራ ብቻዋን ታነበዋለች። ለኤሊፍ አንድ መስመር ብትጽፍላት ይበቃ ነበር፤ «አትጻፊላት፣ እኔ ልንገራት» ማለት ብቻ። ስልኩን ከፈተች። የሚጻፈው ግን ለኔርሚን ስም ነው። ከላይ ፎቶዋ አለ፤ ነጭ ሻሽ አስራ፣ አፏን በእጇ ከልላ ስትስቅ። «ኔርሚን፣ መሞትሽን ለኤልቪራ አትንገሪብኝ» ብሎ የመጻፍ ያህል ሆነባት። ጣቷ አልታዘዛት አለ። ነገ እላለሁ አለች። በማግስቱም እንዲሁ አለች። ቁስል አጥባ የማትጸየፍ፣ ሬሳ ገንዛ የማትፈራ ሴት አንዲት ትንሽ ፎቶ ፈርታ ሳምንታት ገፋች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ግንቦት ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሺሐረግ ቤቷ ሶፋ ላይ እንዳለች ኤልቪራ ጻፈች። ለብቻዋ አይደለም፤ ከጥር ወዲህ ዝም ያለው ቡድን ላይ ነው።

«ዕቃው ደርሷል። ኤሊፍ ጻፈችልኝ። እናቴ ከሞተች ብዙ ጊዜዋ ነው፣ የሺሐረግ አልነገረችሽም እንዴ አለችኝ።»

የሺሐረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታቆም ጻፈች። የአገሯን ወግ፣ የቦኬን መስኮት፣ አባቷን፣ የቆሰለውን ገበሬ፣ ሁሉን። «ብቻሽን ስለሆንሽ ነው» አለቻት። «እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን ሳለ መርዶ አይነገርም። ሰው እስኪኖርሽ እየጠበቅሁ ነበር።»

ኤልቪራ ስትጽፍ ስታቆም፣ ስትጽፍ ስታቆም ይታያል።

«ሰው እኮ ነበረኝ» አለች በመጨረሻ። «አንቺ ነበርሽ። አብሬሽ ላለቅስ የምችለው ካንቺ ሌላ በዓለም ላይ ማን ኔርሚንን ያውቃታል? ልጄ ስሟን እንኳ አያውቅም። አባትሽን ብቻሽን ሰምተሽ ምን እንደሆንሽ ነገርሽኝ። እኔንም ብቻዬን አስቀረሽኝ። ሰላም በያት ስልሽ የት ነበር የምታደርሺው? ሳቋን ላክሽልኝ። በሞተች ሴት ሳቅ ተመስገን አስባልሽኝ።»

የሺሐረግ «ይቅር በይኝ» የሚለውን ጽፋ ሳትጨርስ ከታች ደቃቅ ጽሑፍ ወጣች። ኤልቪራ ከቡድኑ ወጥታለች። ለብቻዋ ልትጽፍላት ሞከረች፤ በሩ ተዘግቷል። ወደ ቡድኑ ተመለሰች። አባላት ሁለት ይላል። አንዷ እሷ ናት፣ ሌላዋ ኔርሚን።

ስልኩን ይዛ እንዳለች ወደ ውጭ ወጣች። ነጠላም አልደረበች። ሳሊሃ ከሂርና ገና መመለሷ ነበር፤ በሩ ላይ ጫማዋን እያወለቀች ቀና ብላ ስታያት የሰፈሩ ሰው ሲስተርን ሲያይ የሚደነግጠውን ድንጋጤ ደነገጠች።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ማን ነው? ከእኛ ነው?»

«ኔርሚን ሞተች» አለች የሺሐረግ። በአፏ ስትለው ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጩኸቱ በራሱ ጊዜ ወጣ። ሳሊሃ ሮጣ ሁለት ክንዷን ያዘቻት። ያን ሁሉ ወር የታመቀው ሁሉ ወረደ፤ ለኔርሚን ይሁን፣ ለኤልቪራ ይሁን፣ ለአባቷ ይሁን መለየት አልተቻለም። ሀሊማ ከወዲያ ማዶ ብቅ አለች፣ ሌሎችም ወጡ። ሳሊሃ አብራ እያለቀሰች «ኢናሊላሂ፣ ቱርኳ! አላህ ይዘንላት» ትላለች። ደጃፉ ላይ አስቀመጠቻት፤ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገችላት።

«መቼ ነው፣ ሲስተር? ዛሬ ነው የሰማሽው?»

«በጥር።»

ሳሊሃ ክንዷን አልለቀቀችም። ለቅሶዋ ግን ቆመ። ወደ ኋላ ሄዳ ስታስብ፣ በየዘንቢሉ ጊዜ የጠየቀችውን ጥያቄና የተሰጣትን መልስ አንድ በአንድ ስታነሳ ይታያል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«እና ያ ሁሉ ሰላምታ» አለቻት፣ «ከማን ነበር?»